አሰልጣኛችን አሞሪም፣ 3-4-3 (ሦስት ተከላካይ፣ አራት አማካይ፣ ሦስት አጥቂ) እና እኛ ማንቸስተር ዩናይትዶች፦ ከብሬንትፎርድ 3-1 ሽንፈት በኋላ (መስከረም 2025) ችግሩ በትክክል የቱ ጋ ነው?

ቀይ_ደም፦
ማታውኑ ልጽፍ ነበር ግን ስድብ ብቻ ነበር የሚወጣኝ ስለዚህ አሳደርኩት። 6 ጨዋታ 7 ነጥብ። በሜዳችን በአርሰናል 1-0፣ ከፉልሃም 1-1፣ በርንሌይን በ97ኛው ደቂቃ ፔናሊቲ 3-2፣ በሲቲ 3-0፣ ቼልሲን 2-1 (እሱንም በረኛቸው በ5ኛው ደቂቃ በቀይ ወጥቶላቸው)፣ አሁን ደግሞ ብሬንትፎርድ 3-1። መሃል ላይ ግሪምስቢ የሚባል የ4ኛ እርከን ክለብ ከካራባኦ ካፕ አባሮናል። አሞሪም ከመጣ 33 የሊግ ጨዋታ 34 ነጥብ፣ 9 አሸንፎ 17 ተሸንፎ። ሁለት የሊግ ጨዋታ በተከታታይ ያሸነፈበት ጊዜ የለም፣ አንድም!

ግን ሁሉም ሰው "3-4-3 ነው የገደለን" እያለ ሲጮህ እኔ እዛ ላይ አልስማማም። በዛው ቅዳሜ ፓላስ በሦስት ተከላካይ ሊቨርፑልን 2-1 መታው። የፓላሱ አሰልጣኝ ግላስነር በ3-4-2-1 ሲቲን አሸንፎ ኤፍኤ ካፕ በልቷል፣ አሎንሶ ሌቨርኩሰን ላይ በሱው አሰላለፍ አንድም የሊግ ጨዋታ ሳይሸነፍ ሻምፒዮን ሆኗል። ስለዚህ ቁጥሩ አይደለም። እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው፦ ብሩኖ ከሁለቱ የመሃል አማካዮች አንዱ ሆኖ መጫወቱና፣ ጨዋታው ሲበላሽ ቅርጹ ንቅንቅ አለማለቱ። ሰው ይቀየራል፣ ተከላካይ ወጥቶ ተከላካይ ይገባል፣ ግን ያው ነው። 2-0 እየተመራንም ያው፣ 1-0 እየመራንም ያው፣ ተጋጣሚ በ10 ሰው ሲሆንም ያው። እናንተስ ምን ትላላችሁ? "ይባረር" ብቻ የምትሉ ምክንያታችሁን ጻፉ በናታችሁ።

ማንቼ_ለዘላለም፦
ይባረር።

ማንቼ_ለዘላለም፦
እሺ ምክንያት ላምጣ። ባክህ ይሄ ፓላስ ፓላስ የሚባል ነገር ሰልችቶኛል። ፓላስ ኳሱን ለተጋጣሚ ትቶ ተሰብስቦ በመልሶ ማጥቃት ነው የሚቀጣህ፣ ማንም ሰው ፓላስን "ኳስ ይዘህ ክፈተው" አይለውም። እኛ ጋ የሚመጣው ቡድን ግን ከኋላ ተቆልፎ ነው የሚቆመው እና ያንን ለመክፈት ከኋላ ሦስት የመሃል ተከላካይ አቁመህ ማንን ነው የሚጠብቁት? አንድ አጥቂ ለሦስት ሰው! ከሲቲ በኋላ ራሱ ምን አለ፣ ፍልስፍናዬን ስፈልግ እቀይራለሁ ካልሆነ ሰውየውን ቀይሩ አለ። መፍትሄውን እኮ ራሱ ነግሮናል ሃሃሃ። ከዛ ደግሞ ጳጳሱ ቢመጡ እንኳን አያስቀይሩኝም አለ። ወንድሜ ጳጳሱ ሥራ አላቸው፣ አንተ ብሬንትፎርድን አሸንፍ።

አጥቂ_ያለኳስ፦
አቦ እናንተ ሰዎች ትዝታችሁ አጭር ነው። ከፈርጊ (ፈርጉሰን) በኋላ ሞዬስ ተባረረ፣ ቫንሃል ተባረረ፣ ሞሪንሆ ተባረረ፣ ኦሌ ተባረረ፣ ቴን ሀግ ተባረረ። ምን ተገኘ? ሁሉም የየራሱን ሰው አስገዝቶ ሄደ እኛ ደግሞ የአምስት አሰልጣኝ ቅራሪ ሰብስበን "ለምን ቡድን አይመስልም" እንላለን። ቴን ሀግን በ2024 ክረምት ኮንትራት አራዘሙለት፣ ጥቅምት ላይ አባረሩት፣ እሱንና ረዳቶቹን ለማሰናበት 10.4 ሚሊዮን ፓውንድ ወጣ፣ አሞሪምን ከስፖርቲንግ ለማስለቀቅ ደግሞ ሌላ 11 ሚሊዮን ዩሮ። አሁንም እንደገና ልንከፍል? እስከ 2027 ነው ኮንትራቱ።

ማንቼ_ለዘላለም፦
@አጥቂ_ያለኳስ ታዲያ ብር ወጥቷል ተብሎ ቻምፒዮንሺፕ እንውረድ?

አጥቂ_ያለኳስ፦
ማን ወረደ? አታጋንን።

ታክቲክ_ቦርድ፦
ቀይ_ደም ላይ በግማሽ እስማማለሁ። ስለ ብሩኖ ያልከው ልክ ነው፣ ግን "ቁጥሩ አይደለም" የሚለውን እንዲህ በቀላሉ አላልፈውም፣ ረጅም ስለሚሆን ታገሱኝ።

በመጀመሪያ የብሬንትፎርድን የመጀመሪያ ጎል መልሳችሁ እዩት። 8ኛው ደቂቃ ነው። ኳሷ የብሬንትፎርዱ ሄንደርሰን ጋ ናት። 35 ዓመቱ ነው፣ ከእንግዲህ በሩጫ ማንንም አያልፍም፣ ያለው አንድ መሣሪያ ቀና ብሎ አይቶ ረጅም ኳስ መጣል ነው፣ እኛም ቀና ብሎ እንዲያይ ጊዜ ሰጠነው። ማጓየር ኦፍሳይድ አስይዘዋለሁ ብሎ ወጣ፣ ኢጎር ቲያጎ ግን ኦንሳይድ ነው፣ ከኋላው ሜዳው ባዶ። ተቆጣጠረ፣ ቀጠቀጣት፣ ከበረኛችን ባይንዲር ጭንቅላት በላይ ገባች። አንድ ኳስ፣ አንድ ሩጫ፣ ጎል። በቃ ይሄው ነው፣ ምንም ረቂቅ ታክቲክ የለውም። ሁለተኛው ደግሞ ሻደ ከጎን አሻማት፣ ባይንዲር ወደ ውጪ መግፋት ሲገባው ወደ መሃል ቲያጎ እግር ስር ተፋት። 20 ደቂቃ 2-0።

አሁን ዋናው ጥያቄ፦ ሄንደርሰንን ማን ነበር መያዝ ያለበት? እዚህ ላይ ነው ሲስተሙ የሚመጣው። መሃል ሜዳ ላይ ሁለት ሰው ነው ያለህ፣ ብሩኖና ኡጋርቴ። ተጋጣሚ ሦስት ካሰለፈ ሦስተኛው ሰው ሁልጊዜ ነጻ ነው። እሱን ለመያዝ ያለህ መንገድ ወይ ከፊት ካሉት ሁለት 10 ቁጥሮች (ከአጥቂው ኋላ የሚጫወቱት) አንዱ ይወርዳል ወይ ከኋላ ካሉት ሦስቱ አንዱ መስመሩን ጥሎ ይወጣል። አሞሪም ስፖርቲንግ እያለ ይሄ በሰዓቱ ይሰራ ነበር፣ ሁልማንድና ሞሪታ ሁለት ሆነው የሦስት ሰው መሬት ይሸፍኑ ነበር፣ ከኋላም የሚወጡት ልጆች ፈጣን ነበሩ። በአሞሪም የመጨረሻ ሳምንታት ስፖርቲንግ ሲቲን 4-1 ሲያሸንፍ ያየ ሰው ሲስተሙ ሞቷል አይልም። እኛ ጋ ግን ማጓየር እንዲወጣ ትጠይቀዋለህ፣ ከወጣ በኋላ ተመልሶ አይደርስም። ካልወጣ ደግሞ ሰውየው ነጻ ነው። የቱን ትመርጣለህ?

ሲቲም በዚሁ ነው የገደለን። ፎደን መስመሮቹ መሃል ገብቶ ይቆማል፣ ኡጋርቴ ዞሮ ሲያየው ብሩኖ ሌላ ቦታ ነው፣ ተከላካዮቹ ደግሞ ሃላንድን ትተው መውጣት ፈሩ። የመጀመሪያው ጎል ላይ ዶኩ ሾውን ይዞት ሲጫወት ብሩኖ ፎደንን ወደ ሳጥን ሲገባ አልተከተለውም ተብሎ ሰው ሁሉ ጮኸበት፣ ልክ ነው አልተከተለውም፣ ግን ብሩኖ ሕይወቱን ሙሉ ሰው እየተከተለ የተጫወተ ልጅ አይደለም እኮ።

የቼልሲውን ኮንቴን አስታውሱ። 2016 መስከረም ላይ በአርሰናል 3-0 ከተሸነፈ በኋላ ነው ወደ 3-4-3 የዞረው፣ ከዛ 13 የሊግ ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ በ93 ነጥብ ዋንጫ በላ። ግን መሃል ላይ ማን ነበር? ካንቴና ማቲች። ካንቴ ብቻውን ሁለት ሰው ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ይሰራል፣ ለዛ ቁጥር የሚሆኑ ሁለት አማካይ ካሉህ። እኛ በክረምት ማንን ገዛን? ኩኛ፣ ምቤውሞ፣ ሼሽኮ። ከ190 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ፊት ላይ አፍስሰን መሃል ሜዳ ላይ አንድ ሰው አልገዛንም። የክፍተቱን ቦታ እያወቁ በሌላ በኩል መግዛት ማለት ይሄ ነው።

ቀይ_ደም፦
@ታክቲክ_ቦርድ ይሄን እኮ ነው የምለው በሌላ ቋንቋ። ኮንቴ ራሱ የውድድር ዓመቱን በአራት ተከላካይ ጀምሮ እንደማይሰራ ሲያይ ቀየረ። መቀየሩ ነው ቁም ነገሩ! ወደየት መቀየሩ አይደለም።

ታክቲክ_ቦርድ፦
@ቀይ_ደም እሺ ይሄኛውን ገዛሁህ።

ዝምተኛው፦
ማክቶሚኔይን በ25 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ለናፖሊ ሸጠን ልጁ ሴሪ ኣ በልቶ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ይሄን ጻፍኩና ወጣሁ።

አጥቂ_ያለኳስ፦
@ዝምተኛው እሱ የተሸጠው አሞሪም ሳይመጣ ነው። በሰው ኃጢአት ሰው አትኮንኑ።

ሮዚ_ቁጥር7፦
ሁላችሁም ስለ አማካይ ታወራላችሁ አንዳችሁም ማይኑ የሚባል ስም አላነሳችሁም። ይገርማል። ልጁ 2024 ላይ የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ሲቲ ላይ ጎል አግብቷል፣ በዛው ክረምት የዩሮ ፍጻሜ ላይ ለእንግሊዝ በቋሚነት ገብቷል፣ አሁን ነሐሴ ላይ በውሰት ልቀቁኝ ብሎ ለምኖ ተከለከለ። አሞሪም ደግሞ ማይኑ ለቦታው የሚፎካከረው ከብሩኖ ጋር ነው ብሎ በአፉ ተናግሯል። ካፒቴኑን አያስወጣውም፣ ስለዚህ ልጁ ተቀያሪ ወንበር ላይ ያረጃል ማለት ነው። ብሩኖን ወደ ላይ 10 ቁጥር መልሰው፣ ማይኑን ከታች አስገባ፣ ጨዋታው አለቀ። ምን ያስቸግራል? ኳስ በጠባብ ቦታ ተቀብሎ የሚዞር አማካይ እኮ ከሱ ሌላ የለንም።

ማንቼ_ለዘላለም፦
@ሮዚ_ቁጥር7 እህቴ አፍሽን በሰላም ይክፈተው።

ታክቲክ_ቦርድ፦
@ሮዚ_ቁጥር7 ሐሳብሽ ጥሩ ነው ግን ብሩኖ ወደ ላይ ከወጣ ከኩኛና ከምቤውሞ አንዱ ይቀመጣል፣ 60 ምናምን ሚሊዮን ፓውንድ የወጣበትን ሰው። ደግሞ ማይኑ ኳስ ሲኖረን ነው ምርጥ የሆነው፣ ወደ ኋላ መሮጥ ላይ ከብሩኖ ብዙም አይሻልም። ሁለት ሰው ባለበት መሃል ሜዳ እሱንም እናቃጥለዋለን ብዬ እፈራለሁ። ሦስት አማካይ ቢሆን ኖሮ ዛሬውኑ አስገባው እልሽ ነበር።

ሮዚ_ቁጥር7፦
@ታክቲክ_ቦርድ ታዲያ ሦስት አማካይ ይሁና! ዞረን ዞረን እዛው አይደል የምንመጣው? ለተጫዋች የሚሆን ሲስተም ነው የሚሰራው ወይስ ለሲስተም የሚሆን ተጫዋች እስኪወለድ ነው የምንጠብቀው? የወጣበት ብር ደግሞ ኳስ አይጫወትም። ኩኛ ሁለት ሳምንት ቢቀመጥ ምንም አይሆንም።

መድፈኛው_49፦
ሰላም ጎረቤቶች፣ በር ክፍት ነበር ገባሁ ሃሃሃ። ሙድ ልይዝ አይደለም የመጣሁት (ትንሽ ልይዝ ነው)። ቁም ነገር ልናገር፦ 2021 ላይ እኛ አርሰናሎች የመጀመሪያ ሦስት ጨዋታ ሦስቱንም ተሸንፈን፣ አንድ ጎል ሳናገባ፣ 9 ጎል ገብቶብን ሰንጠረዡ ታች ነበርን። ብሬንትፎርድ 2-0፣ ቼልሲ 2-0፣ ሲቲ 5-0። "አርቴታ ውጣ" ያላለ ሰው አልነበረም እኔን ጨምሮ። ዛሬ የት እንዳለን ታውቃላችሁ። ስለዚህ ጠብቁት። ባይሰራም እኛ እየተዝናናን ነው።

ማንቼ_ለዘላለም፦
@መድፈኛው_49 ዛሬ የት ናችሁ? ሁለተኛ ለመውጣት እየተዘጋጃችሁ ሃሃሃሃ

መድፈኛው_49፦
@ማንቼ_ለዘላለም አምና 15ኛ የወጣ ሰው ሁለተኛን ሲንቅ። ተው እንጂ።

ቀይ_ደም፦
ቆይ የመድፈኛው ምሳሌ ግን ለኔ ነው የሚመሰክረው። አርቴታ መጀመሪያ ሲመጣ በሦስት ተከላካይ ነበር ኤፍኤ ካፕ የበላው፣ 2020 ላይ። ከዛ ግን ያንን ይዞ ሙጭጭ አላለም፣ ወደ አራት ዞረ፣ ኦዴጋርድን ከላይ፣ ፓርቴን ከታች አድርጎ ሌላ ቡድን ሠራ። ትዕግሥት የተሰጠው እየቀየረ ስለነበር ነው። ትዕግሥት ማለት ሰውየው የሚያደርገውን ነገር ሁሉ ማጨብጨብ አይደለም።

መድፈኛው_49፦
እውነቱን ተናገርክ። ልሂድ በቃ፣ እንዲህ በሰላም ስታወሩ አያዝናናም።

ኮፕ_ነኝ፦
ማንቼዎች አይዟችሁ 21ኛው ዋንጫ ይመጣል፣ በ2050 ሃሃ

ሮዚ_ቁጥር7፦
@ኮፕ_ነኝ አንተ ትናንት የፓላሱ ንኬቲያ በ97ኛው ደቂቃ እናንተን ሊቨርፑሎችን ምን እንዳደረጋችሁ ረሳኸው? እንቅልፍ ወስዶሃል መሰለኝ።

ኮፕ_ነኝ፦
አንዷን ጨዋታ...

ጋሽ_ስትሬትፎርድ፦
ልጆች ሰላም ናችሁ። ጭቅጭቃችሁን ከላይ ጀምሬ አነበብኩት። ፈርጉሰንን አንድ ሰው ሊያመጣው ነው ብዬ ስጠብቅ እስካሁን አልመጣም፣ ተመስገን ነው፣ ግን መምጣቱ አይቀርምና ቀድሜ ልናገር። 1989 መስከረም ላይ በሲቲ 5-1 ተሸነፈ፣ ያን ዓመት ሊጉን 13ኛ ሆኖ ጨረሰ፣ ሦስት ዓመት ሰበብ ሰማን በቃ ሂድልን የሚል ጨርቅ ደጋፊው አንጠልጥሎበታል። ግንቦት ላይ ፓላስን በድጋሚ ጨዋታ 1-0 አሸንፎ ኤፍኤ ካፕ ወሰደ፣ ሌላው ታሪክ ነው። ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ግን ፈርጉሰን በትዕግሥት ብቻ ነው የዳነ የሚል ሰው ታሪኩን በግማሽ ነው የሰማው። የጠጪዎቹን ቡድን በትኗል፣ የወጣት አካዳሚውን ከሥር አፍርሶ ሠርቷል፣ ውጤት ባይኖርም ውስጥ ያሉት ሰዎች የሚሠራውን ሥራ ያዩ ነበር። አሁን ከሜዳ ውጪ የሚሠራውን እኔ አላይም፣ የማየው ሜዳ ላይ ያለውን ነው፣ እዛ ደግሞ ከኅዳሩ የኢፕስዊች 1-1 ጀምሮ ያው ነው።

የሚመስለው ቫንሃልን ነው። 2014 በ3-5-2 ጀመረ። በሜዳችን በስዋንሲ 2-1፣ በኤምኬ ዶንስ 4-0 ተሸንፈን ከሊግ ካፕ ወጣን። በኔዘርላንድ በዓለም ዋንጫ በዚሁ አሰላለፍ ሦስተኛ ወጥቶ ነበር የመጣው፣ ያመነበት ነገር ነበር። እንደ ድንጋይ ግትር የሚባል ሰውዬ እኮ ነው! ግን እሱም ወደ አራት መለሰው። ዓመቱን 4ኛ ጨረስን። ቫንሃል ከቀየረ ማን የማይቀይረው አለ?

ቀይ_ደም፦
@ጋሽ_ስትሬትፎርድ ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥዎት፣ የቫንሃሉን ረስቼው ነበር። ይሄን የጻፉትን ከላይ ማስቀመጥ ነበረብኝ።

አጥቂ_ያለኳስ፦
@ጋሽ_ስትሬትፎርድ ጋሼ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ቫንሃል ቀየረና 4ኛ ወጣ፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ 5ኛ ወጥቶ ኤፍኤ ካፑን እንደያዘ ተባረረ። ታዲያ መቀየሩ ምን ጠቀመው? እኔ የምለው ቢያንስ አንድ አሰልጣኝ ያመነበትን እስከ ጫፍ ወስዶት እንየው። ደግሞ ከአምናው ጋር አታወዳድሩትም ወይ? አምና 44 ጎል ነው ያገባነው በ38 ጨዋታ፣ ፊት ላይ ሰው አልነበረንም። ዘንድሮ አርሰናል ጨዋታ ላይ ማን ነበር የተሻለው? እኛ ነበርን! በአንድ ኮርና፣ በአንድ የበረኛ ስህተት ተሸነፍን። ፉልሃም ላይ ብሩኖ ፔናሊቲውን ሰማይ ላይ ሰቀለው፣ ብሬንትፎርድ ላይ 2-1 እያለን በረኛቸው ኬለኸር አዳነበት። ሁለቱ ቢገቡ ኖሮ ይሄ ውይይት በሌላ ድምፅ ነበር የሚካሄደው። ሲስተሙ ፔናሊቲ አይስትም ወንድሞቼ።

ማንቼ_ለዘላለም፦
"ቢገቡ ኖሮ"። ቢገቡ ኖሮ የሚባል ነጥብ ሊጉ አይሰጥም። ግሪምስቢ ላይስ? እሱም ፔናሊቲ ነው ልትል ነው? በመጀመሪያው አጋማሽ 2-0 ተመርተን ነው እኮ ፔናሊቲ የደረስነው። 12-11 ተሸነፍን፣ ሼሽኮ አጥቂ ሆኖ 10ኛ ነው የመታው፣ ተከላካዮች ሁሉ ከሱ በፊት ሄዱ። አሰልጣኙ ደግሞ ዝናብ ላይ ተቀምጦ ያችን የታክቲክ ሰሌዳ ይዞ ማግኔቶቹን ወዲህ ወዲያ ሲያደርግ ካሜራ ያዘው። ማግኔቱን እንኳን ወደ አራት ተከላካይ አላሰለፈውም መሰለኝ ሃሃሃ

ዝምተኛው፦
ተመልሼ መጣሁ። ኬለኸር አምና ምባፔንም አድኖበታል፣ ስለዚህ ብሩኖ ላይ አትፍረዱ። ይልቅ የብሬንትፎርዱ ኮሊንስ ምቤውሞን ጎትቶ ሲጥለው ቀይ ለምን አልተሰጠውም? ጎል ላይ ብቻውን ሊገባ ነበር እኮ። ቀይ ቢሆን 2-1፣ 10 ሰው፣ 15 ደቂቃ ቀርቷል።

ታክቲክ_ቦርድ፦
ዳኛው ላይ ብዙ ባንቆይ ይሻላል፣ ቼልሲ ላይ በቀይ ተጠቅመናል። ግን አጥቂ_ያለኳስ ያለው ውስጥ አንድ እውነት አለ። ዘንድሮ ዕድል እንፈጥራለን። ሼሽኮ ያገባት ጎል እንዴት መጣች፣ ዶርጉ ከግራ አሻማ፣ ልጁ መታ ኬለኸር መለሰ፣ ደገመ መለሰ፣ በሦስተኛው አስገባ። ሳጥን ውስጥ ሰው አለን፣ አምና ይሄ አልነበረም። ተመላላሾቹ (በሁለቱ መስመር የሚሮጡት) ከፍ ብለው ሲጫወቱ ከፊት አምስት ሰው ይሆናል፣ የአሞሪም ሐሳብ ያ ነው፣ ሲሠራ ደስ ይላል። ችግሩ ኳሷ ስትጠፋ ነው። አምስት ሰው ፊት፣ ሦስት ሰው ኋላ፣ መሃል ላይ ሁለት ሰው አንድ ሙሉ ሜዳ ይዘው። የብሬንትፎርድ ኪት አንድሪውስ የመጀመሪያ ዓመቱ ነው፣ ዋና አሰልጣኝ ሆኖ ቡድን ይዞ አያውቅም ነበር፣ ሁለቱ ላይ ኳስ ጣልባቸው የሚለውን ግን በአንድ ሳምንት ልምምድ አወቀው። ከኋላ በቀጥታ ወደ ፊት፣ መሃሉን ዝለለው። ሌላውም አሰልጣኝ ይሄን ቪዲዮ እያየ ነው አሁን።

ሮዚ_ቁጥር7፦
ስለዚህ ቢያንስ ስንመራ ወይ 20 ደቂቃ ሲቀር አንዱን የመሃል ተከላካይ አውጥቶ ሦስተኛ አማካይ ቢያስገባ? ይሄ ፍልስፍና መካድ አይባልም እኮ። ግላስነርም አሎንሶም ጨዋታ መሃል ላይ ያሸጋሽጋሉ።

አጥቂ_ያለኳስ፦
@ሮዚ_ቁጥር7 በዚህ ላይ አልከራከርሽም። እሱን ባደርግ ተጫዋቾቹ በሐሳቤ ማመን ያቆማሉ ነው የሚለው ግን። አመራሩ ጫና አደረገበት ብለው ያስባሉ ነው የሚለው።

ማንቼ_ለዘላለም፦
34 ነጥብ በ33 ጨዋታ አይቶ አሁንም የሚያምን ተጫዋች ካለ እሱም ከአሰልጣኙ ጋር ይሂድልኝ።

ጋሽ_ስትሬትፎርድ፦
እሱ ያለው ነገር ግን ተራ ሰበብ አይደለም ልጄ። የልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ አንዴ "ይሄ ሰውዬ ተገፋ" ከተባለ ሥልጣን የለህም። ሞሪንሆ መጨረሻ ላይ እንደዛ ነው የሆነው። የኔ ጥያቄ ለምን ራሱ ሳይገፋ አይቀይርም ነው፣ ካሸነፈ ጨዋታ በኋላ ቢያደርገው ማንም ተገፋ አይለውም። ከቼልሲ በኋላ ጥሩ ጊዜ ነበረው፣ አሳለፈው።

ቀይ_ደም፦
ጋሼ እንደዚህ አስቤው አላውቅም። ከማሸነፍ በኋላ ቀይር... እውነትም ከሽንፈት በኋላ ቢቀይር ሁላችንም "ፈራ" ነበር የምንለው።

እሺ ወደ ቅዳሜ። ሰንደርላንድ በኦልድ ትራፎርድ። ከታች መጥተዋል ብላችሁ እንዳትንቁ 11 ነጥብ አላቸው፣ ከኛ 4 ይበልጣሉ፣ ዣካ መሃል ላይ አለላቸው። ካዜሚሮ ከቅጣት ይመለሳል። እንደማይቀይር አውቀን በዛው በ3-4-3 ውስጥ ማንን ታስገባላችሁ? እኔ ካዜሚሮና ብሩኖ መሃል፣ ማውንት ከ10 ቁጥሮቹ አንዱ፣ ምክንያቱም ማውንት ወደ ኋላ ይሮጣል፣ ሦስተኛውን አማካይ እሱ ይይዝልኛል።

ሮዚ_ቁጥር7፦
ካዜሚሮና ማይኑ፣ ብሩኖ ላይ። ኩኛ ይቀመጥ። አልቀይርም እኔም እንደ አሞሪም ሃሃ

ታክቲክ_ቦርድ፦
የማውንት ሐሳብ ጥሩ ነው። ካዜሚሮ ግን ከ60 ደቂቃ በኋላ እግሩ ይከብደዋል፣ ቼልሲ ላይ ሁለት ቢጫ ይዞ የወጣው ስለዘገየ ነው፣ ስለዚህ ለ60ኛው ደቂቃ አሁኑኑ አስቡ።

ማንቼ_ለዘላለም፦
ማንም ይግባ መጀመሪያ በረኛው ይቀየር። ላመንስን ከአንትወርፕ በ18 ሚሊዮን ፓውንድ የገዛነው ወንበር ሊያሞቅ ነው? ኦናና ትራብዞን ሄዷል፣ ሌላ ሰበብ የለም። ባይንዲር ኮርና ሲመጣ እኔ ነኝ ዓይኔን የምጨፍነው፣ የአርሰናሉ ካላፊዮሪ ያገባበትን አስታውሱ።

አጥቂ_ያለኳስ፦
ላመንስ ላይ የአሞሪም ጠበቃ የሆንኩት እኔም አልከላከልም። ይግባ። 23 ዓመቱ ነው ምናምን እያላችሁ ግን አንድ ኳስ ሲያመልጠው እንዳትበሉት።

ማንቼ_ለዘላለም፦
ያመለጠችው ኳስ ላይ ይወሰናል።

ሮዚ_ቁጥር7፦
@አጥቂ_ያለኳስ ከአንተ ጋር የተስማማንበት ቀን መሆኑ ነው። ሙኪየለ ረጅም እጅ ውርወራ አለው፣ ሰንደርላንድ ኳሷን በቀጥታ ሳጥን ውስጥ ነው የሚጥሉት፣ ወጥቶ የሚይዝ በረኛ ያስፈልጋል። ልጁ ቁመቱ አለው፣ መውጣቱን ካወቀበት ነገር አለን።

ዝምተኛው፦
አሰላለፉ ሲወጣ እዚሁ ለጥፉልኝ፣ ባይንዲር ካለበት አላየውም።